የግድግዳው ፋርማሲስት

በዘመድ አዝማዱ ዘንድ አጎቷ «ዶክተሩ» ነው። ሊጠይቃቸው ሲመጣ እናቷ የሶፋውን ልብስ ትቀይርለታለች። እሷ ግን መድኃኒት ቤት መለማመድ ከጀመረች ወዲህ ምን ዓይነት ዶክተር እንደሆነ ጠንቅቃ አውቃለች፤ ግድግዳ ላይ የሚውል ዶክተር! የፋርማሲስትነት ፈቃዱ እዚያው መድኃኒት ቤት በፍሬም ተሰቅሎ፣ ጉርድ ፎቶው ፈገግ ብሎ ይውላል። ሰውየው ራሱ ሌላ ሰፈር ሴራሚክ ይቸረችራል። የፈቃዱን ኪራይ ሊቀበል ሲመጣ እንኳ በር ላይ ክላክስ ይነፋል እንጂ ከመኪናው አይወርድም።

መድኃኒቱን የሚሸጠው ባለሱቁ ነው። ድሮ ጫማ ነጋዴ ስለነበር፣ የልጅ ሽሮፕ የሚጠይቁ እናቶችን ዛሬም «ስንት ቁጥር?» ይላቸዋል። የልጁን ዕድሜ ማለቱ ነው። በልቧ «ባለጫማው» ትለዋለች፤ ትንቀዋለች፣ ግን እሱስ ቢያንስ ሥራ ይገባል። አጎቷን ስትንቅ ቅንጣት አታዝንለትም።

ምን ዋጋ አለው፣ ልትገባበት የምትመኘው የፋርማሲ ትምህርት ቤት «በእኔ ሥር ተለማምዳለች» የሚል የፋርማሲስት ፊርማ ይፈልጋል። ያለዚያ ፈተናውን ብታልፍም አይቀበላትም።

አንድ ጠዋት ተቆጣጣሪ ልትመጣ ነው ተባለ። አጎቷ እያለከለከ ገባ።

«ጋውንሽን አምጪው!» አላት፣ ሰላም እንኳ ሳይላት። ቁልፎቹ ሆዱ ላይ አልገጥም አሉ።

ተቆጣጣሪዋ መደርደሪያውን አየት አየት አድርጋ፣ «እስቲ የኢንሱሊኑን ፍሪጅ ያሳዩኝ» አለችው።

«በደስታ!» አለና መጋረጃውን ገለጠ። የእጅ መታጠቢያ ነበር። አንድ በር ከፈተ፤ መጥረጊያና ባልዲ። ስንት ዓመት በኃላፊነት ስሙ የተጻፈበት ቤት ውስጥ ፍሪጁ የት እንደቆመ አያውቅም! ዞሮ አያት። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዝም ብትል አለቀለት። ዝም ብትል ግን ፊርማውም አለቀለት።

በአገጯ ወደ ባንኮኒው ጥግ ጠቆመችው።

«ይኸው!» አለ፣ በእጁ ያስቀመጠው ይመስል።

ተቆጣጣሪዋ ስትወጣ የልምምድ ወረቀቷን ሳያነብ ፈረመላትና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገ። «አንቺ ነገር ይገባሻል። ስትመረቂ ለአንቺም ግድግዳ እፈልግልሻለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ አስጠላት።

ጋውኗን ወርውሮላት ወደ መኪናው ሮጠ። በላቡ እንደራሰ ለበሰችው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባችና «ፋርማሲስቱ አሉ?» አለቻት።

«አሉ» አለች፣ ወረቀቱን እያጠፈች። እስከዛሬ እንዲህ ብሎ የሚመልሰው ባለጫማው ብቻ ነበር።