ቦታ መሙያ ግጥም

ጓደኞቹ «ሁለገብ» ይሉታል። ይዘፍናል፣ ግጥሙን ራሱ ይጽፋል፣ የአልበሙን ሽፋንም ራሱ ይነድፋል። ስሙ ሲወጣለት ሙገሳ ነበር፤ እያደር ግን ወደ ቀልድ ዞረ። እናቱ ስሙን ወዳው አታውቅም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ አንተ ጭራሽ ሦስተኛ ጨመርክበት» ትለዋለች። ከዚያ ትስቅና ታክላለች፦ «የኔንስ ዘፈን መቼ ነው የምትዘፍነው?»

እናቱ በአንድ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ልጅ ሳለ አስተኝታው ትወጣና ሳይነቃ ትመለስ ነበር። ዘፈኗን ከጨረሰው ቆይቷል። ሌሎቹን ሁሉ ገና በረቂቃቸው ልብስ እያጣጠፈች ሰምታቸዋለች። ይህን ግን ደበቃት። በአልበሙ ምረቃ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያለ እንድትሰማው ፈልጎ ነበር፤ ዘፈኑ ሲያልቅ «ይቺ ናት» ብሎ ከመቀመጫዋ ሊያስነሳት።

አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

*እንቅልፍሽን ገፍፈሽ እኔን ያለበስሽኝ፣*
*እንዳንቺ ማን አለ አቅፎ የሚያስተኛኝ።*

የሚተዳደረው በማተሚያ ቤት ነው። ከማሽኖቹ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተቀምጦ ማስታወቂያና የግብዣ ካርድ ይነድፋል። አንድ ልማድ አለው። ደንበኛው ጽሑፉን እስኪያመጣ ድረስ ባዶውን ቦታ በራሱ ግጥም ይሞላዋል። ሌሎች ነዳፊዎች ያገኙትን ፊደል ይደረድራሉ፤ እሱ ግን ትርጉም የሌለው ነገር ሲያይ ዓይኑ አልይዝለት ይላል። ጽሑፉ ሲመጣ ግጥሙ ይጠፋል። እስካሁን ሁሌም ጠፍቷል።

የአንድ ፍራሽ ነጋዴ የማስታወቂያ ሥራ የመጣው አልበሙን ለማጠናቀቅ ፈቃድ በወሰደበት ሰሞን ነው። በተነጠፈ ፍራሽ ሥዕል ላይ ከእናቱ ዘፈን ሁለተኛውን መስመር በትልቁ ጻፈ፤ ናሙናውን ለአለቃው ትቶ ወጣ። ሥራው ላይ ሲመለስ መስመሩ ከማተሚያ ቤቱ ፊት ባለው የእግረኛ ድልድይ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ጠበቀው። «እንዳንቺ ማን አለ አቅፎ የሚያስተኛኝ»፤ ከሥሩ የፍራሹ ስም።

እየሮጠ ማተሚያ ቤት ገባ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የኔ ግጥም ነው! ቦታ መሙያ ነበር!»

አለቃው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ታዲያ ሞላ አይደል እንዴ?»

«ይጠፋል ብዬ እኮ ነው!»

«የኔ ልጅ፣ የሚጠፋ ነገር ከሆነ ለምን አሳምረህ ጻፍከው? ሰውየው ሲያየው ‹የራሴን ጽሑፍ ጣሉልኝ፣ ይሄ ይሁን› አለ። እኔም ያንተ ሥራ ተወደደ ብዬ ደስ አለኝ።»

ባለፍራሹም ክፉ ሰው አልነበረም። ነገሩን ሲሰማ ራሱ መጣ፤ ከልቡ ደነገጠ። ግን ማስታወቂያው በየታክሲው ጀርባ ተለጥፎ አልቋል። «ካሳ ባይሆንም ተቀበለኝ» እያለ አንድ ወፍራም ፍራሽ ቤት ድረስ ላከለት። እናቱ ወገቧን ስለሚያማት ፍራሹን መረቀችው። ከየት እንደመጣ ስትጠይቀው «የሥራ ስጦታ ነው» አላት፤ ውሸት አልነበረም።

ፒያኖ የሚጫወትለት ጓደኛው መከረው።

«ወንድሜ፣ መስመሩን ቀይረው። ካልሆነም ዘፈኑን አውጣው።»

«ቃሉ የኔ ነው። ሰው ሲሰማው ይገባዋል።»

«ሰው መጀመሪያ ያነበበውን ነው የሚሰማው።»

ሁለገብ አልሰማውም። በራሱ እጅ የነደፈው ሽፋን ላይ የአልበሙ ርዕስ ራሱ ያ መስመር ነበር።

ምረቃው ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተደረገ። እናቱ ጸጉሯን ተሠርታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ጥሩ ሄዱ። ከዚያ መብራቱን አስቀነሰና ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ።

አዝማቹ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሰው የፍራሹን ስም ጮኸ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም ወደዱት። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁሉም አብሮት ይዘፍን ነበር፤ እየዘፈኑም በየመስመሩ መጨረሻ የፍራሹን ስም ይጨምሩበታል። «እንቅልፍሽን ገፍፈሽ» የሚለውን ማንም አልሰማውም። ዓይኑን ሲከፍት እናቱን አያት። ከሁሉም በላይ ታጨበጭባለች፤ በሳቅ ብዛት ዕንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች።

ዘፈኑ አለቀ። ማይኩን እንደያዘ ቆመ። አሁን ቢያስነሳት ለዘላለም የፍራሹ ሴትዮ ሆና ትቀራለች። «አመሰግናለሁ» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ። አልበሙን ግን እየተሻሙ ገዙት፤ «ያቺን የፍራሿን» እያሉ።

ቤት ሲደርሱ ገና አልመሸም። እናቱ አዲሱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የሥራ ጫማዋን ማሰር ጀመረች።

«ዛሬም ትገቢያለሽ?»

«የምትተካኝ አጣሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ ኮራሁብህ። ሰዉን እኮ በሳቅ ገደልከው! ያ ነጋዴ ለፍራሹ ዘፍነህለት እንዲህ ከሸለመህ እግዜር ይስጠው። ግን አኮረፍኩህ።»

«ምነው?»

«እስከ መጨረሻው ጠበቅኩ እኮ። የኔን ሳትዘፍነው ወረድክ።»

ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ገና ነው እማዬ። አልጨረስኩትም።»

«እሺ፣ አትቸኩል።» ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ቆም አለች። «ደክሞሃል፤ አንተ እዚህ ተኛ። ፍራሹ እንደሆነ እኔ እስክመለስ ባዶውን ነው።»