የእማማ ኢፊ የመጨረሻ ስንኝ

ኢሽቤል አብሯት ዶክትሬት የሚማረውን ፊንሌይን የጠረጠረችው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲያቸው ሻይ ሲያፈላ ሲያንጎራጉር ሰምታው ነው። ዘፈኑ የእሷ ነበር። የእሷ ስል፣ ለዶክትሬት ጥናቷ ከስኮትላንዷ ዩስት ደሴት፣ ከእማማ ኢፊ አፍ የቀዳችው ማለቴ ነው። በዘፈኑ አንድ ዓሣ አጥማጅ ባሕር ወጥቶ ይቀራል፣ ሚስቱ ደጅ ደጁን ታያለች፣ አለቀ። ይመለስ አይመለስ አይታወቅም። የኢሽቤል የሦስት ዓመት ልፋት የቆመው በዚህች «አይታወቅም» ላይ ነው።

ፊንሌይ ግን ቀጠለ። በሱ ዘፈን ሰውየው ተመልሶ በሩን ያንኳኳል።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ከእማማ ኢፊ ነዋ! ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር።»

«እኔ ስንቴ ቀድቻቸዋለሁ። እንዲህ የሚል ስንኝ የላቸውም።»

«እና እኔ ምን ላድርግሽ? ለኔ ዘፈኑልኝ።»

ሳቀ። ሳቁ ደሟን አፈላው። ጽሑፏን ለፈታኞች አስገብታ የፈተና ቀኗን እየጠበቀች ሳለ፣ ልክ በዚህ ሰሞን አዲስ ስንኝ ብቅ ይላል? ምን ዓይነት መገጣጠም ነው! በማግስቱ ፊንሌይ ከአማካሪያቸው ቢሮ ሲወጣ አየችውና ነገሩ ተገለጠላት፤ ተገለጠላት መሰላት። እሷን ሊጥል የፈጠረው ነው። እሷም ገብታ ለአማካሪያቸው ይህንኑ ተናገረች፣ ከዚያም ማስረጃ ልታመጣ በመርከብ ዩስት ወረደች።

እማማ ኢፊ ሻይና የአጃ ቂጣ አቀረቡላት። ኢሽቤል እንደ ልማዷ መቅረጸ ድምፁን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያንን ስንኝ ፊንሌይ ፈጥሮት ነው አይደል?»

«ያ ረጅሙ? ኧረ በናትሽ! እሱ እንኳን ሊፈጥር ዜማም አይዝ። እዚህችው ተቀምጦ ጭራዋ ላይ በር እንደተዘጋባት ድመት ጮኸብኝ እኮ!»

«ዘፈነልዎት?»

«ታዲያስ! ሰው ቤት ገብቶ የራሱን ሳይሰጥ ዘፈን ይጠይቃል እንዴ?»

ኢሽቤል ፊቷ ጋለ። እንግዳ ሳይዘፍን እንደማይዘፈንለት በጥናቷ ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት። ያውም አሳምራ!

«ለኔ ለምን አስቀሩብኝ?» አለች።

እማማ ኢፊ በአገጫቸው ወደ መቅረጸ ድምፁ ጠቆሙ። «ይሄን ትዘረጊያለሽ፣ ታፍሺያለሽ፣ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን አንዲት ዜማ ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ? አላመንኩሽማ፣ ልጄ።»

ኢሽቤል መሣሪያውን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እናቷ በልጅነቷ ያስተኟት የነበረበትን እሹሩሩ ጀመረች፤ ድምጿ እየተሰበረ፣ ግጥሙ እየጠፋት፣ እንደምንም ጨረሰች።

«ውይ! አንቺስ ከረጅሙም ብሰሻል» ብለው እማማ ኢፊ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ወሰዱላት። ሰውየው በሩን ያንኳኳል፣ በስሟ ይጠራታል። ሚስቱ ግን አትከፍትም። እየወደደችው ነው የማትከፍተው፤ ብዙ ከመጠበቅ የተነሣ እሱ መሆኑን ማመን አቅቷት ነው።

ኢሽቤል መርከቡን ስትጠብቅ ለአማካሪዋ ደወለች።

«ፊንሌይ ምንም አልፈጠረም። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጽሑፌንም ከፈታኞቹ ያስመልሱልኝ። ተሳስቻለሁ።»