አባዬ የማይዞርበት ጎን

አባዬ ከሕመሙ በኋላ ጉልበት አጥቶ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ ሁሉም አዛዥ ነው፤ የሚሰማ ግን የለም። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ አሁን በመስኮቱ አስፋልቱን እያየ ሾፌሮችን ሲሰድብ ይውላል። "ኧረ ፍሬን ያዝ፣ አንተ ደነዝ! መንጃ ፈቃድ የሰጠህ ማን ነው?"

ችግሩ፣ መስኮቱ ያለው በቀኙ በኩል ነው። እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ ታግዬ በግራ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስተኛውና ሥራ እሄዳለሁ። ስመለስ ጌታው ተመልሶ መስኮቱን እያየ ነው! ለካ የምታዞረው እማዬ ናት።

"ምን ላድርግ፣ ሲለምነኝ አንጀቴን በላው" አለችኝ። ወይ እናቴ!

ከጤና ጣቢያ የተላከች ነርስ ልታየው ስትመጣ ቀኝ ዳሌውን ገለጠች። አንድ ቦታ ጠቆር ብሏል። በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው፤ ጥቁረቱ አልደበዘዘም። እጄን ወስዳ አስነካችኝ። ሞቋል፣ ደግሞም ደንደን ብሏል።

"አባባ፣ አንድ ጎን ብቻ ስለሚተኙ አጥንትዎ ቆዳውን ተጭኖት ደም አይደርሰውም። ከተከፈተ እስከ አጥንት የሚዘልቅ ቁስል ይሆናል፤ ያኔ ሆስፒታል ነው። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጡ።"

አባዬ ግን፣ "የአንሶላ እጥፋት ነው፤ ያላየሁትን አላምንም" አለ።

"የገዛ ኋላውን ያየ ሰው አለ እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት።

"እኔ አለሁ! በአውቶቡሱ ስፖኪዮ!"

ንድድ አለኝ። የቁም ሳጥኑን መስታወት ነቅዬ አመጣሁና ዳሌውን አሳየሁት። አባዬ አንገቱን አስግጎ አየ።

"ይሄ የኔ ነው?" አለ ቀስ ብሎ።

መስታወቱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። አሁን ወደ ግድግዳው ዞሮም አስፋልቱ ይታየዋል፤ ስድቡም አልተቋረጠም። እንዲያውም የመገላበጫው ሰዓት ትንሽ ካለፈ እኛኑ ይሰድበናል።

ነርሷ ተመልሳ ስትመጣ ቦታው ለስልሷል፣ ጥቁረቱም ሊጠፋ ምንም አልቀረው። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እማዬ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

"አንቺስ?" አላት አባዬ። "እኔን ስታገላብጪ ከረምሽ፤ ራስሽ ጠዋት እንደተቀመጥሽ ነሽ። ተነሺ እንጂ!"

"አንተን ትቼ የት ልሂድ?" አለችና እንባዋ መጣ።

"እኔ እንደሆነ የትም አልሄድብሽም። ደጅ ደረስ ብለሽ ነይ። ሁለታችንም ከተኛን ይቺ ቁጡ ልጅሽ ትገለናለች!"

እማዬ እያለቀሰችም እየሳቀችም ጫማዋን ፈለገች።