ለእንግዳ የተቆለፈ ፊደል

ሰኞ ጠዋት መምህርት ሰርካለም የአንደኛ ክፍልን በር ገፍታ ስትገባ ግድግዳው ራቁቱን ቆሞ ጠበቃት። ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሚስማሩ ላይ የተሰቀለው ፊደል የለም። በሽቦ የተሰካው የቆርኪ መቁጠሪያ የለም። መስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረው የነበሩት የሸክላ ፊደላትም የሉም። ሌባ ገባ እንዳይባል ወንበሯ አለ፤ የጠመኔ ሳጥኗም አለች።

ይቺ ሴትዮ ስትቆጣ ምን እንደምትሆን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ትምህርት ቤቱ ከቡሬ በባጃጅ ተሳፍሮ፣ ባጃጁ ጭቃውን ሲፈራ ወርዶ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ታዲያ አንድ ቀን እዚያ ሆና ስትቆጣ፣ በዋናው መንገድ ወደ ነቀምት የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ጎማው የፈነዳ መስሎት ወርዶ ሁሉንም በየተራ እየረገጠ ሲፈትሽ ታይቷል። የሰኞው ግን ከዚያም ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም ድምፅ አልነበረውም። ዝም ብላ ግድግዳውን አየች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና እጃቸውን ዴስክ ላይ አጣጥፈው ቁጭ አሉ።

ክረምቱን ሙሉ ሌላው መምህር ከሠርግ ወደ ተዝካር ሲመላለስ እሷ የማዳበሪያ ኬሻ ስታጥብ ነው የከረመች። የአገሩን ኬሻ ሁሉ ለቅማ ጨርሳ ገበሬው በቆሎውን የሚከትበት አጥቶ ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ኬሻውን ተርትራ፣ ዘርግታ፣ እያንዳንዱን ፊደል ከነቤተሰቡ በር በሚያህል መጠን ጻፈችበት። ከበ አጠገብ በሬ ሣለች። የወላጆች ስብሰባ ዕለት ያንን በሬ ያዩ አባቶች ከየት ገበያ እንደተገዛ ጠይቀዋል፤ አንዱማ ጥርሱን ለማየት ጠጋ ብሎ ነበር። ከዚያ ደግሞ ጭቃ አቡክታ፣ ፊደል ቀርጻ፣ እንደ ገንፎ ማሰሮ ተኩሳ አወጣች።

ይህን ሁሉ ያደረገች ለጌጥ አልነበረም። መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው። ሰሌዳው ከማርጀቱ የተነሣ ጠመኔውን መልሶ ይተፋዋል። ከሁሉም በላይ ግን ፋና አለች።

ፋና አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ በከረመባቸው ዓመታት የእሷ ዕድሜ አልተዘጋም። ሲከፈት ከሰባት ዓመት ልጆች መካከል፣ ጉልበቷ ከዴስኩ ጋር እየተጋፋ ተቀመጠች። እሷ ፊደልን የምትይዘው በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው። ኬሻው ላይ በጣቷ ትሄድበታለች፣ ሸክላውን መዳፏ ውስጥ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ በኋላ ያ ፊደል ከእሷ አያመልጥም። ዓርብ ዕለት በን ከነቤተሰቡ ጨርሳ ረን ጀምራ ነበር።

ሰርካለም ሌላ ምርጫ ስላልነበራት በን እና ረን ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ፋናን ወደ ሰሌዳው ጠራቻት። ፋና እንደ ልማዷ በጣቷ ተከተለችው። ጠመኔው ተጠረገ፤ ፊደሉ ግማሹ ጣቷ ላይ ቀረ።

"ቲቸር፣ ፋና ፊደሉን በላችው" አለ ተስፋው የሚባለው፣ ከክፍሉ ሁሉ በቁመት ትንሹ፣ በምላስ ትልቁ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፋና ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ተመለሰችና ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ለዕረፍት ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረች።

"ቲቸር፣ እኔ ከነገ ጀምሮ አልመጣም።"

"ለምን?"

"እናቴ በርበሬ የሚለቅምላት ትፈልጋለች።"

"እሱ ሰበብ ነው።"

"አዎ፣ ሰበብ ነው" አለች ፋና ፊቷን ሳታዞር። "እነዚህ ሕፃናት እየቀደሙኝ እኔ ምን ልሁን ብዬ እመጣለሁ? ዓርብ ይዤው ነበር። አሁን የለም። በርበሬው እንኳ ለቅሜ ሳድር እዚያው ይጠብቀኛል።"

ሰርካለም ከክፍሉ ወጣች። የዘበኛውን የአያ ሐብቴን ጎጆ አልፋ ወደ ቢሮው ሄደች። አያ ሐብቴ አካሄዷን አይተው፣ "እኔ የለሁበትም እመት ሰርካለም፣ እሑድ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው ያስነሡት" አሉ ሳይጠየቁ።

ርዕሰ መምህሩ እንድሪያስ ከወንበሩ ብድግ አለ። አንደኛ ክፍል ያስተማረችው እሷ ናት። ሹመት ከመጣለት ወዲህ ለብዙ ሰው መነሣቱን ትቷል፤ ለእሷ ግን ጉልበቱ ሳያማክረው ነው የሚነሣ።

"ይቀመጡ ቲቸር።"

"አልቀመጥም። ግድግዳዬን የገፈፈው ማነው?"

"ዕቃው አልጠፋም እኮ። ማዕከሉ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። እስከዚያ ልጆቹ እንዳያቆሽሹት ብዬ ነው።"

ማዕከል የሚባለው ከቢሮው ጎን ያለ ክፍል ነው። መምህራን የሚሠሩት መርጃ መሣሪያ ሁሉ እዚያ ይገባል፣ ይቆለፍበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ከዚያ ውስጥ ያለውን ዕቃ አንድም ልጅ ነክቶት አያውቅም። ሸረሪቶቹ ግን እስካሁን ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል።

"እና ሐሙስ ለእንግዶቹ ሀ ሁ ላስቆጥራቸው ነው?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም ቲቸር። ሞዴል ትምህርት ቤት ለመባል ታጭተናል።"

"ከሐሙስ በኋላስ ይመለሳል?"

እንድሪያስ ስልኩን አነሣና አስቀመጠው። "ጥሩ ጥሩው ፍኖተ ሰላም ለኤግዚቢሽን ይሄዳል።"

"አምና የሄደው መቼ ተመለሰ?"

"በሂደት ላይ ነው።"

"መምህር ገነነ ከቅል የሠራው ምድርና ጨረቃ ሄደ። ይኸው ምድር እስካሁን ፍኖተ ሰላም ናት። ልጆቹ ያለ ምድር ነው ሳይንስ የሚማሩ።"

"እሱን እናጣራለን።"

"አንተ እንድሪያስ" አለች ሰርካለም። አንቱታው እዚህ ላይ ወደቀ። "አንተን መደመር በምንድን ነው ያስተማርኩህ?"

"በማሽላ አገዳ።"

"አገዳውን ማን በላው?"

እንድሪያስ ወደ መስኮቱ ዞረ። "እኔ።"

"ስትበላው ቆለፍኩብህ?"

"አልቆለፉም።"

"መቀነስ የገባህ እኮ ያን ጊዜ ነው።"

ትንሽ ሊስቅ ዳድቶት ነበር፤ ሹመቱ ግን ቀድሞ ደረሰና አፉን ያዘው። "ቢሆንም ቁልፉ ከሐሙስ በፊት አይወጣም። እኔም የታዘዝኩት ነው ቲቸር፤ ይረዱኝ።"

ሰርካለም አልተረዳችውም። ደወሉ እንደተደወለ የአንደኛ ክፍልን ልጆች አሰልፋ ማዕከሉ በረንዳ ላይ አመጣቻቸው። ፋና ቦርሳዋን እንዳነገተች ከሰልፉ ጫፍ ቆማለች፤ እግሯ ወደ አጥሩ፣ ዓይኗ ወደዚህ።

"የተሰቀለው ፊደል በመስኮቱ ይታያል" አለች ሰርካለም። "እኛ ከዚህ እንማራለን። በሉ፤ ከዚያ ማዶ ያለውም እንዲሰማ።"

ስልሳ ልጅ አፉን ከፈተ። በ፣ ቡ፣ ቢ ሲል የቆርቆሮው ጣሪያ ከሚስማሩ ተላቆ ተነሣና መልሶ ተቀመጠ። አራተኛ ክፍል ማባዛት ይማር የነበረው ተማሪ ሁሉ ሦስት ሲባዛ በአራት መልሱ ቡ ነው ማለት ጀመረ። ከአጥር ውጭ የሚያርስ ሰው በሬዎቹ ስማቸው የተጠራ መስሏቸው ቆሙበት። በርና መስኮት የማያግደው ድምፅ ነበር።

እንድሪያስ ስልኩን ከጆሮው ነጥሎ ወጣ። "ቲቸር፣ የወረዳውን ሰው መስማት አልቻልኩም።"

"እኛ ደግሞ ፊደሉን በደንብ ማየት አልቻልንም። ስለዚህ በድምፅ እያካካስን ነው። በሉ ልጆች፣ ረ።"

ረው ሩ ላይ ሳይደርስ ቁልፉ ከኪሱ ወጣ።

"በዓይን ብቻ" አለ በሩን እየከፈተ። "በዓይን ብቻ ነው ቲቸር፤ አደራ።"

ሁሉም ነገር በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ "መንካት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ሰርካለም ወረቀቱን ታንብበው አታንብበው ሳይታወቅ፣ ፕላስቲኩን ከነወረቀቱ ገፈፈችና ጠቅልላ ጥግ ወረወረችው።

"ንኩ" አለቻቸው።

ፋና በሩ ላይ ቀረች። ሰርካለም አልጠራቻትም፤ የሸክላ ፊደላቱን ወስዳ መሬቱ ላይ ዘረገፈችና ጀርባዋን ሰጠቻት። ቦርሳ መሬት ሲነካ ሰማች። ከዚያ ሸክላ ከሸክላ ሲጋጭ። ብዙ ቆየ። ስትዞር ፋና ሁለት ፊደል ጎን ለጎን አድርጋ በጣቷ ትሄድባቸዋለች።

"በ... ሬ። በሬ።" ቀና አለችና ግድግዳው ላይ ያለውን በሬ አየች። ደግማ ዝቅ አለች። በን አነሣችና ክምሩን በርብራ ቡን በቦታው አስቀመጠች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ቲቸር፣ ይኸ እኮ ሚኒባሱ ግንባር ላይ ያለው ነው። ቡሬ ነው። ሁልጊዜ ቡሬ ነበር እንዴ የሚል?"

"ሁልጊዜ" አለች ሰርካለም።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን ቁጣውን ነው ያበረታባት። ይህን በፕላስቲክ ሸፍነው ሊልኩት ነበር። ያቺ ልጅ ነገ በርበሬ እርሻ ውስጥ ልትሆን ነበር፣ ቡሬ የሚለው ሚኒባስም ግንባሩ ላይ የተጻፈውን ሳታውቅ በፊቷ ሲያልፍ ሊኖር።

ማክሰኞም ረቡዕም እዚያው ዋሉ። ፋና ማክሰኞ ከሁሉ ቀድማ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልጆቹ ፊደሉን ነኩት፣ ተደገፉት፣ ተሻሹበት። ቅቤ የተቀባ ራስ፣ በርበሬ ሲቀነጥስ ያደረ እጅ፣ የመንገድ ጭቃ፣ የቆሎ ፍርፋሪ፣ ሁሉም ከኬሻው ላይ ድርሻውን ትቶ ሄደ። የበሬው ቀንድ ከመነካቱ ብዛት ተፍቆ ጎዳ በሬ ሆነ።

ሐሙስ ማለዳ እንድሪያስ ልጆቹን ወደ ባዶው ክፍል አስመለሰና በእርጥብ ጨርቅ ኬሻውን ይፈትግ ጀመር። ጭቃው በመጠኑ ለቀቀ። ቅቤው ግን ውሃ ሲያይ ጭራሽ ተስፋፋ።

እንግዶቹ በነጭ መኪና መጡ። መሪያቸው አቶ ወልደ ሥላሴ ይባላሉ፤ ሸሚዛቸው ከመንጻቱ የተነሣ ሲገቡ ክፍሉ አምፖል የበራበት መሰለ። በሩ ላይ ቆመው ከሩቅ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አደነቁ።

"ይሄ ባለ በሬው ግሩም ነው። ፍኖተ ሰላም ይሂድልን። ሌሎቹም እንዲሁ ተጠቅልለው መኪና ላይ ይውጡ።"

ከኋላ የቆመችው ሰርካለም ወደ ኬሻው ተጠጋች። ሰውየው ሌላ ሰው እስኪያዝዙ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ጠጋ ብለው ኬሻውን ከሚስማሩ አወረዱና አቀፉት። ከዚያ እጃቸውን አዩ። ከዚያ ሸሚዛቸውን። ደረታቸው ላይ አንድ የልጅ መዳፍ፣ ከነአምስት ጣቱ፣ በቅቤና በበርበሬ ታትሟል።

"ይህ ምንድን ነው?"

እንድሪያስ ወደ ሰርካለም ዞረ።

"ንባብ ነው" አለች።

አቶ ወልደ ሥላሴ ኬሻውን በሁለት ጣት ይዘው ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። "እንዲህ ያለ ነገር ኤግዚቢሽን ላይ አይቀርብም። ንጹሕ የላችሁም?"

እንድሪያስ ሮጠ። ከቢሮው ግድግዳ ላይ የትምህርት ቤቱን የአደረጃጀት ሰንጠረዥ አወረደ፤ ቡሬ ታትሞ፣ መስተዋት ገብቶለት፣ ከተሰቀለ ጀምሮ ዝንብ እንኳ ያላረፈበት። እንግዶቹ ተደሰቱ። ሰንጠረዡን መኪናው ውስጥ እንደ ሙሽራ መሀል አስቀምጠው ሄዱ።

አቧራው ሳይጠፋ እንድሪያስ መጣ። "አሳፈሩኝ ቲቸር። ሞዴልነቱ ቀረ። ይህን ስንት ጊዜ ደከምኩበት መሰለዎት?"

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውየው ልጆቹ ያነባሉ ወይ ብሎ ጠየቀህ?"

እንድሪያስ አሰበ። "አልጠየቁም።"

"ከመካከላቸው አንዱ?"

"አልጠየቁም።"

"አንተስ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

እንድሪያስ ጫማውን አየ። እሷ ኬሻዎቹን ሁሉ ትከሻዋ ላይ ጭና፣ የሸክላውን ሣጥን በብብቷ ይዛ፣ የመኪናውን ጎማ ምልክት እየረገጠች ወደ ክፍሏ ገሠገሠች። አሁን ቁጣዋ ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ መንገዱን ሙሉ ስትናገር አያ ሐብቴ ጎጆአቸው ውስጥ ገብተው በሩን ዘጉ።

ክፍል ውስጥ ፋና ተነሥታ ኬሻውን ከትከሻዋ ተቀበለቻት። ሰርካለም ከጠመኔ ሳጥኗ ሚስማር ዴስኩ ላይ ዘረገፈችና ድንጋይ አነሣች።

እንድሪያስ ተከትሎ በሩ ላይ ደረሰ። "እሺ ይሁን፣ ይሰቀል። ግን ቢያንስ ከፍ አድርገው ይስቀሉት ቲቸር። ለሚቀጥለው ዓመት እንኳ ንጹሕ ይሁን።"

ሰርካለም ከፍ ብሎ የነበረውን አሮጌ ሚስማር ነቅላ ወረወረችው።

"የት ላድርገው?" አለች ፋና፣ የኬሻውን ጫፍ በደረቷ ልክ ይዛ።

"ዝቅ አድርጊው።"

"እዚህ?"

"ዝቅ። ተስፋው እሚደርስበት።"

ተስፋው መጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እጁን አንሥቶ ለካ። ፋና ኬሻውን እጁ ሥር አወረደችው። ሰርካለም አንዱን ሚስማር በድንጋዩ መታች፣ ደግማ መታች፤ ግድግዳው ከነጭቃው ተንቀጠቀጠ።

"እንድሪያስ" አለች ሳትዞር። "ዝም ብለህ አትቁም። ሚስማር አቀብለኝ።"

እንድሪያስ በረንዳውን ግራና ቀኝ አየ። ከዚያ ገብቶ፣ ዴስኩ ላይ ከተዘረገፈው ሚስማር ቀጥ ያለውን መርጦ አቀበላት። አላመሰገነችውም።