የታይስቶ ስለት

«እዚህ ቤት ውስጥ አርባ ሦስት ቢላ ተሰቅሏል፤ እኔ የምፈልገው አንዱ ግን የለም!»

ሂልካ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሹካው፣ ማንኪያው፣ የዓሣ ቅርፊት መላጫው ሁሉ ተንኳኳ። ጎረቤቷ እትዬ ሲልቪ የቡና ፔርሙዛቸውን እንዳቀፉ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ልጄ፣ ከነገ ወዲያ አባትሽን እንቀብራለን። አሁን ቢላ የሚፈለግበት ሰዓት ነው?»

«አሁን ካልሆነ መቼ ሊሆን ነው?»

ሐዘንተኛ ቢቆጣ እንደማይቀየሙት ታውቃለች። አባቷ ታይስቶ ከሞተ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ቀናት ይህን መብቷን አሟጣ ተጠቅማበታለች። እንጨት ሲፈልጥ ነበር የወደቀው፤ ያገኘውም ታናሽ ወንድሙ ሬይኖ ነው። ከሬሳው ላይ በወጣው ልብስ መሃል ቀበቶው ነበረ፣ የቆዳ ሰገባውም ነበረ። ቢላው አልነበረም። አጎቷን በስልክ ስትጠይቀው «አይጠፋም፣ አይጠፋም» ብሎ ዘጋው።

ሳሎን ውስጥ ሁለት የእናቷ ዘመዶች የቡና ሲኒ ይዘው ግድግዳው ፊት ቆመዋል። ታይስቶ በፊንላንዷ ካውሃቫ ከተማ ዙሪያ ካሉ አንጥረኞች ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰበሰባቸው ቢላዎች እዚያ ተደርድረዋል።

«የፈረስ ራስ እጀታ ያለው ለማን ይደርሳል?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ብትሰማስ? ከተማ ወስዳ ቲማቲም ልትከትፍበት አይደል!»

ሂልካ ሰምታለች። ግድግዳውን ከነፈረሱ ቢወስዱት ግድ አልነበራትም። አባቷ ራሱ በእነዚያ ቢላዎች ዳቦ እንኳ ቆርጦ አያውቅም፤ «የዓይን ናቸው» ይል ነበር። የእጁ ቢላ ሌላ ነበር። ጫካ ሲገባ እሳት የሚያቀጣጥልበትን እንጨት የሚልገው፣ ዓሣ የሚቀደው፣ እባጭ ካበቀለ የበርች ዛፍ ግንድ ኩባያ የሚፈለፍለው በእሱ ነው። ምላጩ ከመሳል ብዛት ቀጥኖ ግማሽ ሆኗል። የእንጨት እጀታው ላይ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል።

መስኮቱ ሥር ለእሷ የጀመረላት ኩባያ ተቀምጧል። ሆዱ ተፈልፍሎ አልቋል፤ መያዣው ግን ገና ጉማጅ ነው። ቅዳሜ ከቀብር መልስ ቡናዬን የምጠጣው በዚህ ኩባያ ነው ብላ ለራሷ ምላለች፤ የምትጨርሰውም በእሱ ቢላ ነው። ሌላ የለመነችው ነገር የለም። ይህንንም መሳቢያው፣ ሳጥኑ፣ መጋዘኑ ሁሉ ተባብረው ከለከሏት።

ቢላ በታይስቶ ቤት ሕግ ነበረው። ሰጪው የምላጩን ጀርባ ይዞ እጀታውን ወደ ተቀባዩ ያዞራል፤ ተቀባዩ ጥብቅ አድርጎ ሲይዝ «አመሰግናለሁ» ይላል። ያ ቃል ሳይሰማ ሰጪው አይለቅም። ሰባት ዓመቷ ሳለ ለመንጠቅ ብትታገልም አባቷ አልለቀቀላትም። «እንዲህ የሆነው ቢላ በሁለት እጅ መሃል እንዳይወድቅ ነው። እየተቻኮልሽ ነው፤ ቢላ ደግሞ አይቸኩልም» አላት። ሦስት ጊዜ ታግላ በመጨረሻ እያለቀሰች አመሰገነችው።

ባለፈው መስከረም ወደምትኖርበት ከተማ ወደ ታምፐሬ ልትመለስ አውቶቡስ ስትጠብቅ አብሯት ቆሞ ነበር። በድንገት ቢላውን ከሰገባው መዝዞ እጀታውን ወደ እሷ አዞረ።

«ምንድን ነው አባዬ?»

«ያንቺ ነው።»

«አውቶቡስ ውስጥ በቢላ? ፖሊስ ልታስጠራብኝ ነው እንዴ! ለአንተ ይሻልሃል፤ ትሠራበታለህ።»

ትንሽ ዘርግቶ ቆየ። ከዚያ «እሺ» ብሎ መለሰው። አውቶቡሱም መጣ። እንዴት እንዲህ ያለ ደደብ ሆንኩ እያለች ይኸው አሥራ አንድ ቀን ራሷን ስትረግም ከረመች።

ከሰዓት በኋላ ሬይኖ መጣ። ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ በአንድ እጁ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሌላው ይዟል። ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ሂልካን መጀመሪያ ያናደዳት እሱ ነው።

«ስትፈልጊው እንደነበር አውቃለሁ» አለ፤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ቅዳሜ ከፎቶው አጠገብ ይቀመጣል ብዬ ነው። ለሰው ዓይን እንዲበቃ አድርጌዋለሁ።»

ቢላው እንደ መስታወት ያበራል። እጀታው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ሂልካ አውራ ጣቷን አሳረፈችበት። ጉድጓዱ የለም፤ ለስላሳ ነው። ምላጩን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጫፉ ላይ ሰማያዊ መስመር ይታያል።

«በግራይንደር ነው የሳልከው?»

«አዎ፣ ጥሩ አድርጎ...»

«አቃጥለኸዋል! ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን አግለህ አቃጠልከው! ይኼ አሁን ቅቤ እንኳ አይቆርጥም። ጣቱን ደግሞ ፍቀህ ጣልክ! የእጁ ምልክት ነበር እኮ! ማን ንካው አለህ? ማን?»

ሬይኖ ዳቦውን ቀስ ብሎ ምድጃው ላይ አስቀመጠ።

ሂልካ ቢላውንና ኩባያውን ይዛ ወደ መጋዘኑ ሮጠች። የአባቷን ድንጋይ በውኃ አርሳ መሞረድ ጀመረች፤ የምላጩን ዝርግ ገጽ እንዳስተማራት ሙሉ በሙሉ አስተኝታ። ሰማያዊው እስኪጠፋ ብረቱ መበላት አለበት፤ ቀድሞውኑ ያለቀ ቢላ ነው፣ ከዚህ በላይ የሚበላ የለውም። ኩባያው ላይ ሞከረችው። ስለቱ ታጠፈ። ድንጋዩን በጥፊ መታችው፤ እጇን አመማት እንጂ ድንጋዩ ምንም አልሆነም።

በሩ ተንቋቋ። ሬይኖ ነው።

«ሂልካ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትሳቂብኝ።»

«ለሳቅ የሚሆን ፊት አለኝ?»

«እኔ ቢላ ስዬ አላውቅም። በሕይወቴ አንዴም። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚስልልኝ እሱ ነበር። በየወሩ አመጣለታለሁ፣ ይሰድበኛል፣ ይስልልኛል። ሌላ መንገድ ስለማላውቅ ነው ግራይንደሩን ያስነሳሁት።»

ሂልካ ቀና አለች። ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሟል። ንዴቷ አልበረደም፤ ግን የምታሳርፍበት ቦታ ጠፋት።

ሬይኖ ከቀበቶው የራሱን ቢላ መዘዘ። «ይኼን የሳለልኝ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልቆረጥኩበትም። ዳቦ እንኳ በእጄ እየቆረስኩ ነው የምበላው። ስለቱ የእሱ ነው። ኩባያሽን ጨርሺበት።»

«ስቆርጥበት ይዶለዱማል እኮ አጎቴ።»

«አውቃለሁ። ሲዶለድም እንዴት እንደሚሳል ታሳዪኛለሽ።»

የምላጩን ጀርባ ይዞ እጀታውን ወደ እሷ አዞረ። ሂልካ ያዘችው። አልለቀቀም። ሳብ አደረገችው፤ አሁንም አልለቀቀም። እሱም ያደገው በዚያው ሕግ ነው። ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም፤ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ለአባቷ ሳትለው የቀረችውን ያንኑ ቃል ነው። እጀታውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«አመሰግናለሁ» አለች።

ሬይኖ ጣቶቹን ከፈተ።