ተመለስ የተባለ ውሻ

በእኛ አገር ለውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ተብሎ አይደለም፤ ለጎረቤት ነው። ወልደ ሰንበት ድንበር እየገፋ የደምለውን ማሳ ሲቆርስ፣ ደምለው ሽማግሌ አልላከበትም፤ ቡችላ አምጥቶ «ተመለስ» ብሎ ስም አወጣለት። ጠዋት ማታ «ተመለስ! ተመለስ!» ሲባል ሰፈሩ ይስቃል፣ ወልደ ሰንበት ጥርሱን ይነክሳል።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ደምለው ዱር ገባ፣ ወልደ ሰንበት ባንዳ ሆነ። ከደብረ ኤልያስ በላይ ካለው ምሽግ ጠመንጃ ሲሰጠው ድንበሩንማ ተዉት፣ ማሳውን ጠቅልሎ አረሰው።

ደምለው ስንቅ ሊወስድ ከቤቱ ሥር ባለው ሸለቆ ይመጣል። ባንዶቹ ቤቱ ካሉ ሚስቱ ሥራነሽ ደጅ ወጥታ ውሻዋን ትጣራለች። «ተመለስ! አንተ ተመለስ!» ደምለው ይሰማና ወደ መጣበት ይመለሳል። ማንም አይጠረጥርም፤ ሴት ውሻ ፍለጋ ሲባዝን የሚውል፣ ቤት የማይገኝ ውሻ ነበራ። ወልደ ሰንበትም የሚሰማው የድሮውን ስድብ ብቻ ነው።

ይህ ውርጋጥ ውሻ ታዲያ ምሽግ ድረስ ወጥቶ የጣሊያኑን ካፒቴን ነጭ ውሻ ሰረራት። ወልደ ሰንበት ደስ ብሎት መጣ።

«ካፒቴኑ ግደለው ብሎኝ ነበር፤ የጎረቤት ነገር ሆኖብኝ ለመንኩልሽ» አላት። «እስከ ቅዳሜ ገበያ ካልተኮላሸ ግን ጥይቱን እኔው አጠጣዋለሁ።»

«እሺ፣ አያ ወልደ ሰንበት» አለችው፤ ሌላ ምን ትላለች?

ሥራነሽ እህል አልቀምስ አለች። ውሻው ከሞተ የምትጣራው የላትም። ብታስረውም፣ የታሰረ ውሻ ተመለስ አይባልም። ቡችላ አምጥታ ያንኑ ስም ብታወጣለት ወልደ ሰንበት በጫማው ይጨፈልቀዋል። ወይፈን የሚያኮላሹትን ሽማግሌ፣ እንዳላማውን አስጠራቻቸው።

እንዳላማው ውሻውን አገላብጠው አዩና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«በዚህ ዕድሜው ሊሞትብሽ ይችላል። ቢተርፍም ዙረት ያበቃለታል፤ ከደጃፍሽ አይርቅም።»

«አይርቅም?»

«ምነው ደነገጥሽ? ይህማ ደግ ነው እንጂ!»

ምን ብላ ትንገራቸው? የባሏ ነፍስ በዚህ ውሻ ዙረት ላይ ተንጠልጥላለች ይባላል? በሕይወት ይቆይልኝ እንጂ ባንዶቹ ሲመጡ በድንጋይ አባርረዋለሁ ብላ አሰበች።

«ይሥሩልኝ፣ አባቴ።»

አፉን በጠፍር አስረው ሲሠሩት ራሱን እሷው ያዘች። ለውሻውም ለባሏም አለቀሰች።

ውሻው ተረፈ፤ ወፈረም። ቀኑን ሙሉ መደቡ ሥር ተጋድሞ ይውላል። በድንጋይ ስትለው ጅራቱን ሸጉጦ ይሄድና እንደገና ይመጣል። ያ ሁሉ ዓመት ሲጠራበት የኖረው ስም ገና አሁን የገባው ይመስል ነበር።

ደምለው ይመጣል በተባለበት ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ወልደ ሰንበት ባንዶቹን አስከትሎ ከች አለ። ሥራነሽ ውሻውን በጓሮ በኩል አባረረችው፤ ዞሮ በፊት ለፊት ገባ። እሷ በአጥሩ ላይ ወደ ሸለቆው ስታይ ቁጥቋጦው ይነቃነቃል። አንድ ሰው እየወጣ ነው።

«ተመለስ!»

ውሻው ከመደቡ ሥር ተነሥቶ እየተንጎማለለ መጣና እግሯ ሥር ተኛ።

ወልደ ሰንበት ሳቀ። «ምን ያስጮህሻል? ይኸው አይደል?»

ቁጥቋጦው መነቃነቁን አልተወም። ነፋሱ ወደ ቤቱ ነበር የሚነፍሰው፤ ደምለው አልሰማም። ሥራነሽ እግሯ ሥር የተኛውን ውሻ አየችው፣ ወልደ ሰንበትንም አየችው፤ ፈራች። ከዚያ ባላት ጉሮሮ ሁሉ ጮኸች።

«ተመለስ! ተመለስ! ተመለስ!»

ውሻው ጅራቱን እየቆላ እግሯን ላሳት። ሸለቆው ውስጥ ቁጥቋጦው ጸጥ አለ።

ወልደ ሰንበት መሳቁን ተወ። ያ ስም ለእሱ መሆኑ ከቀረ እንደቆየ ያን ጊዜ ገባው፤ ጠመንጃውንም ወደ እሷ አዞረ።