«ቀጥል» የምትለዋ ቁልፍ

ይቅር በይው ይሉኛል። እስቲ እነሱ ይበሉት! የአባቴን ድምፅ ያጠፋብኝ ሰው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ልጫን ብዬ መጫኛ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። ጀማሪ ነበርኩ። አንድ ገጽ መጣ፤ ግማሹ የማይገባ ቃል፣ ከሥሩ «ቀጥል» የምትል ቁልፍ። ቀጠልኩ። ዲስኩ ተጠርጎ ወጣ፤ አባቴ ከመሞቱ በፊት የቀዳሁት የሦስት ሰዓት ጨዋታውም አብሮ ሄደ። ለእናቴ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። ፍላሹን ለሚያዘጋጀው ሰው የሆነውን ሁሉ ብጽፍለት ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግልባጭ መያዝ ነበረብሽ። ማንበብ የማይችል አይነካካ።»

ቆሽቴ አረረ። ያንን ሰው ላገኘው ስል ተማርኩ፤ ፍላሹን የሚያወጣው የእሱ ቡድን ውስጥ ገባሁ። ሊቁ ነው የምንለው። በየስድስት ወሩ ፍላሹን ያድሳል፣ አዳዲሱን ፕሮግራም ሁሉ ይጨምርበታል። ያቺን ገጽ ግን ንክች አያደርጋትም። «ትቀየር» ባልኩ ቁጥር ይስቃል።

እኛ ዘንድ ደንብ አለ፤ አዲሱ ፍላሽ ከመውጣቱ በፊት ሊኑክስ ጭኖ የማያውቅ ሰው ይሞክረዋል። ዘንድሮ «እናትህ ይሞክሩት» አልኩ። እሱም ኮራ ብሎ «በእኔው ላፕቶፕ! ዲስኩ ላይ ለሊኑክሱ ባዶ ቦታ ለይቻለሁ፤ ገጹን ያነበበ አይሳሳትም» አለ።

ማሽኑን የማሰናዳው እኔ ነኝ። ጠዋት በላፕቶፑ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ! ወር ሙሉ ሲለምነኝ ላየው ነው።

እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ገጹ መጣ። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «ቀጥል»ን ተጫኑ።

ሊቁ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ፤ አልደረሰም። የሴት ልጁ ፎቶዎች፣ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ያሉት በሙሉ፣ እልም አሉ። ፊቱ አመድ መሰለ። እሰይ! ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቀን!

«ግልባጭ መያዝ ነበረብህ» አልኩት። «ያኔ እንደጻፍክልኝ።»

እናቱ «ምነው እጄን በቆረጠው! እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብለው አለቀሱ።

ይቺን ቃል አውቃታለሁ። እኚህ ሴትዮ ምን አደረጉኝ? ቦርሳዬን ከፍቼ ዲስኩን እሳቸው እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ ሁሉም እዚህ አለ። እርስዎ አንዲት ነገር አላጠፉም። ያጠፋው ገጹን የጻፈው ነው።»

ዞረው ልጃቸውን አዩት። ካሰብኩለት ልመና ሁሉ ያቺ እይታ በለጠች፤ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

በዚያው ዕለት ሊቁን ገጹን እንዲያስተካክል አስቀመጥኩት። እሱ ይጽፋል፣ እናቱ አንብበው «አልገባኝም» ይላሉ። አሥራ አንድ ጊዜ! በመጨረሻ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ተመልሶ አይመጣም። ግልባጭ አለዎት?» የሚል ወጣ።

«አሁን ገባኝ» አሉ።

ሊቁ ቀና አለ። «አንቺስ… ከአባትሽ ድምፅ ምንም የቀረሽ…»

«የለኝም» አልኩት። «ይቺኑ ፍላሹ ላይ ጻፍ።»